ስልክ ይዞ ሱባኤ

ፍልሰታ ሊገባ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ገዳም የሚወርድ አለ፤ ቤቱን ዘግቶ የሚቀመጥ አለ፤ በየደብሩ ቅጽር ጥሬ እየቆረጠመ የሚሰነብትም አለ። ደስ ይላል። ግን ጾሙንና ስግደቱን ይዘን አርምሞውን፣ ዝም ብሎ መቀመጡን፣ የተውነው ይመስለኛል።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገዳም ሱባኤ ገባሁ፤ ስልኬን ይዤ። በሁለተኛው ቀን ባትሪው አለቀ። መብራት የለም። ከረሃቡ ይልቅ እሱ ከበደኝ። እጄ ዝም ብሎ ኪሴን ይዳብሳል። ልጸልይ ስቆም የቤት ኪራይ ይመጣብኛል፤ ያላለቀ ሥራ ይመጣብኛል፤ ከሁሉም በላይ ከወንድሜ ጋር የተጣላንበት ነገር። ለአንድ አባት "አባቴ፣ እዚህ መጥቼ ባሰብኝ" አልኳቸው። "አይዞህ ልጄ፣ ተቀመጥ" ብለውኝ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ተቀመጥኩ። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ እኔ መሆኔ የገባኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ያን ያህል ጊዜ ስልኩ ሸፍኖልኝ ነበር።

አብዛኞቻችን ሱባኤ የምንገባው ጉዳይ ይዘን ነው። ቪዛ፣ ትዳር፣ ሥራ። መለመን ክፉ አይደለም። ግን ልመናችንን ዘርዝረን እንደጨረስን ብድግ ብለን ከወጣን እግዚአብሔር መቼ ይናገረን? ኤልያስ በኮሬብ ነፋሱም፣ የምድር መናወጡም፣ እሳቱም አለፉበት። ፊቱን በመጎናጸፊያው የሸፈነው ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣውን ትንሽ የዝምታ ድምፅ ሲሰማ ነው።

"ይሄ ለመነኮሳት ነው፣ እኛ ጊዜ የለንም" የሚሉ አሉ። በማርቆስ ምዕራፍ 1 ከተማው ሁሉ ማታ በደጅ ተሰብስቦ ነበር። ጌታ ግን ገና ሌሊት ሳለ ተነስቶ ብቻውን ሊጸልይ ወደ ምድረ በዳ ሄደ። ደቀ መዛሙርቱ "ሁሉ ይፈልጉሃል" ብለው የመጡት በኋላ ነው። ብቻ መሆን ከሰው መሸሽ ነው የሚለውም አያሳምነኝም። የግብፁ መናኝ አባ እንጦንስ 20 ዓመት ያህል ብቻውን በሩን ዘግቶ ከኖረ በኋላ፣ ክርስቲያኖች በሚሳደዱበት ጊዜ እስክንድርያ ወርዶ የታሰሩ ክርስቲያኖችን ያገለግል ነበር።

15 ቀን ያልቻለ 15 ደቂቃ ይሞክር። ወንጌላውያን ወንድሞቻችን ጠዋት ጠዋት "ጽሞና" የሚሉት ልማድ አላቸው፤ ጥሩ ነው። መዝሙሩም ቢሆን ለዚያች ሰዓት ይጥፋ።

እኔ ዘንድሮ ስልኬን ለእህቴ ትቼላት ነው የምሄደው። የሚፈልገኝ ሰው እሷ ጋ ይደውል።