ፀጉር እድፍ አይደለም

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር ይሞቃል። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ እንኳን ከሙቀቱ አያስጥለንም። ያኔ እጅጌ አልባው ቀሚስ ይወጣል፣ ቁምጣው ይወጣል፤ አብሮም አንድ የቆየ ሐሜት ይወጣል። ሐይቅ ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው ጆሮውን ጣል ካደረገ አያጣውም። «አየሃት? ብብቷን እንኳን አትላጭም እኮ!» ይህን የሚለው አንዳንዴ ወንድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሴት ናት፤ ያውም አብራ የምትውል ጓደኛ።

እንዲህ ያለውን ነገር በግልጽ መጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። «የጓዳ ነገር ነው» ይላሉ። ጓዳ ቢቀር እኔም ዝም ባልኩ። ግን እኮ ፍርዱ የሚሰጠው አደባባይ ላይ ነው። ልጅቷ ባጃጅ ውስጥ እጇን ዘርግታ ሒሳብ ስትከፍል ይታያል፣ ይወራል። አደባባይ የሚፈረድበትን ነገር አደባባይ ላይ ብናወራው ምን ይለናል?

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የገላን ፀጉር መላጨትም ሆነ መተው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። እኔ የብብቴን እላጫለሁ፤ የእግሬን አልነካውም። ለምን ብባል እንዲያ ስለሚመቸኝ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ከእግር እስከ ብብት ሙልጭ ካላደረገች ቀኑን ሙሉ ቅር ይላታል። ሁለታችንም ንጹሕ ሴቶች ነን። አልቀበልም የምለው «ፀጉር ያለው ገላ ቆሻሻ ነው» የሚለውን ነው። ውሸት ነው፤ ሰውም ይጎዳል።

የንጽሕናውን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። ላብ ሲወጣ ሽታ የለውም። የሚሸተው ብብት ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ነው። ፀጉር ላቡን ይዞ ሊያቆየው ይችላል፤ ይህ እውነት ነው። በዚህ የተነሣ መላጨት የሚቀላቸው ብዙ ናቸው፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን ተላጭቶ ያልታጠበ ይሸታል፤ ሳይላጭ በሳሙና የታጠበ አይሸትም። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር የምትኖር ሴት የጎደላት ምላጭ አይደለም፤ ውሃ ነው።

ደግሞስ ቅዳሜ ከሰዓት ጣና ላይ የሚዋኙትን ወንዶች ተመልከቱ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ተወርውረው ይገባሉ። ብብታቸው ፀጉር ነው፣ እግራቸው ፀጉር ነው። ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? ደረቱ ፀጉራም ከሆነማ «ወንድ ማለት እሱ ነው» ይባልለታል። ሙቀቱ ያው ሙቀት፣ ላቡ ያው ላብ ነው። ለእሱ የወንድነት ምልክት የሆነው ነገር ለእሷ የዝርክርክነት ምልክት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። «ጭገራም» የሚለው ስድብም ወንድ ላይ ሲወረወር ሰምቼ አላውቅም።

ወንዶቹም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። ሃያ ዓመት ሞልቶት ጺም ያልወጣለት ልጅ ይሳቅበታል፤ ጺም ያበቅላል የተባለ ቅባት ፍለጋ ይዞራል። ጂም የሚሄዱት ደግሞ ጡንቻቸው እንዲታይ ደረታቸውን ይላጫሉ፣ ከዚያም ጓደኞቻቸው ያሾፉባቸዋል። ይህንንም ተዉአቸው እላለሁ።

«የፈረንጅ ነገር ነው» ብለው ጠቅላላውን የሚጥሉትም ተሳስተዋል። በእስልምና የብብትና የብልት አካባቢን ፀጉር ማስወገድ ከፊጥራ፣ ማለትም ሰው በተፈጥሮው ሊጠብቃቸው ይገባል ከሚባሉ የንጽሕና ሥርዓቶች ይቆጠራል፤ ከአርባ ቀን በላይ እንዳይቆይም በሐዲስ ተነግሯል። ሥርዓቱ ለወንዱም ለሴቷም ነው። ባሕር ዳር ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ይህን ከልጅነታቸው ተምረው ያደጉ ናቸው። እነሱ ዘንድ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚታማበት አይደለም። በሌላ በኩል የጣና ደሴት ገዳማት መነኮሳት ጺማቸውን አሳድገው ይኖራሉ። ሐዘን ሲደርስ ወንዱ ጺሙን ይተዋል፤ ሴቷ በድሮው ወግ የራስ ፀጉሯን ትላጭ ነበር። ፀጉር እኛ ዘንድ ሁሌም ትርጉም ነበረው። የሴት ብብትና ቅልጥም ላይ እንዲህ የሙጥኝ ማለታችን ግን የቅርብ ጊዜ ነው።

ከየት መጣ ቢባል አንዱ መንገድ ንግድ ነው። ጂሌት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚቀያየር ስለት ያለውን መላጫ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1903 ለወንዶች ነበር። በ1915 ለሴቶች ብሎ ያዘጋጀውን የመጀመሪያ መላጫ አወጣ። እጅጌ አልባ ቀሚስ ፋሽን መሆን የጀመረበት ጊዜ ነው። የማስታወቂያዎቹ መልእክትም የብብት ፀጉር የሚያሳፍር ነገር ነው የሚል ነበር። መጀመሪያ ኀፍረቱን ሸጡ፣ ከዚያ መላጫውን። ዛሬ ስልካችን ላይ የምናየው ለስላሳ እግር ሁሉ የዚያው ንግድ ልጅ ነው፤ በዚያ ላይ ፊልተር ተጨምሮበታል።

ሁለተኛው መንገድ የዓረብ አገር ነው። ከቤሩት፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ የተመለሱ ሴቶች ብዙ ነገር ይዘው መጥተዋል፤ አንዱ የስኳር ሰም ነው፣ እነሱ «ሐላዋ» የሚሉት። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ስትሠራው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ስኳሩን ከጥቂት ውሃና ከሎሚ ጭማቂ ጋር ብረት ድስት ላይ ትጥለዋለች። እሳቱን ቀንሳ ማር እስኪመስል ትጠብቃለች። ጠብታውን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣል አድርጋ ትሞክረዋለች፤ ከተሰበሰበ ደርሷል። ሲበርድ በጣቶቿ እየሳበች፣ እያጠፈች ታሸዋለች። ከዚያ ቅልጥም ላይ በአውራ ጣቷ ትለጥፍና ላጥ! ፀጉሯ የተነቀለው ትጮሃለች፣ የቀሩት ይስቃሉ፣ ቡናው ይፈላል። ጥር ላይ ሠርግ ሲበዛ ሙሽራና ሚዜ ሁሉ እሷ ቤት ነው የሚሰበሰበው። እንዲህ ያለውን ደስታ የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። የሴቶች ጨዋታ ነው፤ ፈልገው የመጡ ናቸው።

ልቤን የሚያመኝ የታዳጊዋ ነገር ነው። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ፀጉር እንደሚወጣ የነገራት የለም። የክፍል ጓደኛዋ አይታ ሳቀችባት። ቤት ስትገባ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ አባቷ የተወውን ምላጭ አገኘች። ለሁለት የተሰበረ ነው፣ ጫፉ ዝጓል። ሳሙና ሳትቀባ፣ በደረቁ፣ ሰው ሳይመጣ ቶሎ ብላ ትልጠዋለች። በማግስቱ ያቃጥላታል። ከሳምንት በኋላ ብጉር ያወጣል። ብጉሩን ለመደበቅ እንደገና ትላጫለች።

የእኛ ፀጉር ጥቅልል ነው። በምላጭ ከሥሩ ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ሆኖ ይቀራል። ሲያድግ ይታጠፍና ተመልሶ የራሱን ቆዳ ይወጋል። ያ ነው ብጉሩ፣ ጥቁር ነጥቡም ከእሱ የሚቀር ምልክት ነው። ፀጉር ቤት ጺማቸውን በምላጭ የሚላጩ ወንዶች አንገታቸው ሥር የሚያወጡትም ይኸው ነው። መላጨት የፈለገ ሰው ለብ ባለ ውሃ ያርጥብ፣ ሳሙና ይቀባ፣ ፀጉሩ ወደተኛበት አቅጣጫ ይላጭ፣ ቆዳውን ወጥሮ ከሥር ካልፈለፈልኩ አይበል። ብጉር የሚያስቸግረው ሰው በማሽን አሳጥሮ ቢተወው ይሻለዋል።

ምላጭ መዋዋስ ደግሞ ፈጽሞ! የእኅትም ቢሆን፣ የባልም ቢሆን። ስለ ኤች አይ ቪ ሲነገረን ኖሯል። የጉበት ቫይረስ ቢ ግን ከሰውነት ውጭ፣ የደረቀ ነገር ላይ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል። መስኮት ላይ የተተወ ምላጭ ንጹሕ ስለመሰለ ንጹሕ አይደለም።

እግረ መንገዴን፦ «አንዴ ከተላጨሽው ወፍሮ ነው የሚበቅለው» የሚባለው ልክ አይደለም። ሚልድረድ ትሮተር የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1928 ፈትሻ መላጨት የፀጉሩን ውፍረትም ሆነ እድገቱን እንደማይለውጥ አሳይታለች። የወፈረ የሚመስለን ቀጭኑ ጫፍ ተቆርጦ ደልዳላው ስለሚቀር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የምንኖርበት ግቢ አንዲት ጎረቤታችንን ሌሊት ምጥ ያዛት። ባጃጅ ተጠርቶ በር ላይ ቆሟል። እሷ የለችም። ብንፈልጋት መታጠቢያ ቤት ናት። የባሏ እኅት የስልክ መብራት ይዛላታለች፤ እሷ ግድግዳውን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ምላጭ ይዛለች። አማቷ «ተዪው ልጄ፣ ሐኪም ያላየው ነገር የለም» እያሉ ይለምኗታል። «እማማ፣ እንዲህ ሆኜ አልሄድም። ምን ይሉኛል?» ምጡ ሲመጣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ቆረጣት። ደሟን በሶፍት ይዛ ነው ባጃጅ ላይ የወጣችው።

በሰላም ወለደች፣ ተመስገን። እኔ ግን «ምን ይሉኛል» ያለችው ከሕሊናዬ አልወጣም። በዚያች ሰዓት ልታስብ የሚገባት ስለ ራሷና ስለ ልጇ ነበር። ደግሞ ፍርሃቷ ከባዶ የመጣ አይደለም። «ሳትላጪ መጣሽ?» ተብለው አንገታቸውን የደፉ እናቶች አሉ። ያን የሚናገር የጤና ባለሙያ ጥቂት ይሁን ብዙ፣ ወሬው ግን ሰፈር ለሰፈር ይዞራል።

ሕክምናው ራሱ ይህን አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ያለ ቀዶ ጥገና በብልቷ ለምትወልድ እናት የብልት አካባቢን ፀጉር በልማድ መላጨት አይመከርም ይላል። ለቀዶ ጥገናም ቢሆን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ፀጉሩ እንዳለ ይተው፣ ግድ ከሆነ በማሽን ይቆረጥ፣ በምላጭ ግን በፍጹም አይላጭ ነው የሚለው። ምላጭ ዓይን የማያያቸውን ቁስሎች ይተዋል፤ በዚያ ጀርም ይገባል። ጎረቤታችን ንጹሕ ሆና ለመሄድ ብላ ያደረገችው ነገር ለኢንፌክሽን በር የሚከፍት ነበር።

ባልና ሚስት መካከል ያለውን ለእነሱ እተዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የሚወዱትን መናገር አንድ ነገር ነው፣ ማሸማቀቅ ሌላ ነው። «እንዲህ ብትሆኚ ደስ ይለኛል» ያለ ባል «አንተስ እንዲህ ብትሆን» ሲባል የሚቆጣ ከሆነ ፍላጎቱን አልተናገረም፣ ትእዛዝ ነው የሰጠው። እናቶችም ለሴት ልጃቸው ስለ ወር አበባ በሚነግሩበት ቀን ስለዚህም ይጨምሩ። ፀጉር ይወጣል፣ ጤና ነው፣ መላጨት ካማረሽ ለብቻሽ ምላጭ እገዛልሻለሁ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለጤና ጣቢያዎቻችንና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ግን የተለየ ጥያቄ አለኝ። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ስለ ብረት ክኒኑ፣ ስለ አደጋ ምልክቶቹ፣ ተይዞ ስለሚመጣው ልብስ ትነግሯቸዋላችሁ። እዚያው ላይ «ምጥ ሲጀምርሽ ሳትላጪ፣ ሳትዘገዪ ነይ» በሏቸው። አማቶችና ባሎች አብረው ሲመጡ ደግሞ እነሱም እንዲሰሙት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በሉት።