ምን አለች?

እሁድ ከሰዓት እናቴ ቡና እያፈላች «እስቲ አንድ ጥሩ ፊልም ክፈትልን» አለችኝ። ዩቲዩብ ላይ አዲስ የአማርኛ ድራማ ፈልጌ ከፈትኩ። ገና ሳይጀምር የታሪኩን ግማሽ ቆራርጠው በማስተዋወቂያ አሳዩን። ማን ከማን እንደሚጣላ፣ ማን እንደሚሞት አወቅነው።

ከዚያ ያው ነው። ቪላ ቤት፣ ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ የመኪና አደጋ፣ ሆስፒታል።

እኔን ግን ከታሪኩ በላይ የሚያበግነኝ ድምፁ ነው። ተዋናይዋ እያለቀሰች የልቧን ስትናገር ሙዚቃው ከላይ ይጮኻል። እናቴ «ምን አለች?» ትለኛለች። እኔስ መቼ ሰማሁ? ድራማ እኮ ንግግር ነው! እሱ ካልተሰማ ምን ቀረ? ልጅቷ ከልቧ ነው የተወነችው፤ ልፋቷ ያሳዝናል። ድምፁ ላይ ትንሽ ጊዜ፣ ትንሽ ገንዘብ ቢጨመር ምን ነበረበት?

አቅም የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የዳይሬክተር ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 በፈረንሳይ የሚካሄደው የካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ የአንድ ትንሽ ልጅና የሚወዳት በጉ ነው። ቪላ አላስፈለገውም። እንዲህ ያለውን ፊልም ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ከፍዬም ቢሆን፣ በጥሩ ጥራት ከእናቴ ጋር ማየት እፈልጋለሁ። ስፈልግ የሚመጣልኝ ግን ያው ቪላው ነው።

ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ እናቴ «ዝጋው ልጄ፣ ራሴን አመመኝ» አለች። ዘጋሁት።