ህንፃው ይጠበቃል፣ ባቡሩስ?

የድሮው ምድር ባቡር ወሬ ደግሞ ተነስቷል። በየጊዜው ይነሳል። አንዱ "ከለገሃር እስከ አዳማ ጠግነን እናስነሳው" ይላል። ሌላው "ለቱሪስት ቢሆን እንዴት ያምራል" ይላል። ሌላው ደግሞ የጥንት ባቡር ፎቶ ለጥፎ "ወይ ያ ዘመን!" እያለ ይተክዛል። ላይኩ ይጎርፋል። ከዚያ ጭጭ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቢሾፍቱ መናኸሪያ ተሰልፌያለሁ።

ቢሾፍቱ እየኖሩ አዲስ አበባ መስራት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገር። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የመጣነው የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ አባሮን እንጂ ሀይቅ ዳር ልንዝናና አይደለም። ሚኒባሱ ብቅ ሲል ሰልፉ ይፈርሳል፣ ጉልበት ያለው ይገባል። ወያላው ለሦስት ሰው በተሰራ ወንበር ላይ "ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ አራተኛ አለ!" ይላል። አራተኛዋ አንዲት እናት ይሆናሉ። ዘንቢላቸው መሬት ላይ ቦታ ስለሌለው ጉልበቴ ላይ ያርፋል። "ይቅርታ ልጄ።" "ኧረ ችግር የለም እማማ።" ሌላ ምን ይባላል? ዱከም ላይ የሂሳብ ጭቅጭቁ ይጀመራል። "ነዳጅ ሰልፍ አድረን ነው የቀዳነው፣ ያልተስማማው ይውረድ!" ዱከም ወርጄ የት ልግባ? እከፍላለሁ። ቃሊቲ ስንደርስ ከፊት ሲኖ፣ ከኋላ ሲኖ፣ እኛ መሀል ቆመን ጭስ እንጠጣለን። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ታሪፍ የሚባል ነገር የለም፤ ወያላው ፊትህን አይቶ ነው የሚቆርጠው። ዝናብ ከጣለማ አይወራም።

የሚያበግነኝ ግን ይሄ ብቻ አይደለም። በዚሁ አቅጣጫ ሁለት የባቡር መስመር አለ። አንዱ የሞተ፣ አንዱ በህይወት ያለ። እኔን የሚጭነኝ ግን የለም።

የሞተው እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው። ከለገሃር ተነስቶ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ እያለ ድሬዳዋን አልፎ ጅቡቲ ይወርድ ነበር። ቀርፋፋ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ከባቡሩ ስትወርድ ከተማው መሀል ነህ፤ ሰውም ሱቁም ጣቢያውን ከቦ ነው የሰፈረው። በአውሮፓ ህብረት ገንዘብ ሊታደስ ተጀምሮ መንገድ ላይ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ባቡር ጭራሽ ቆመ። ዛሬ ሀዲዱን ሄዳችሁ እዩት። ሳር የዋጠው አለ፣ አስፋልት የተነጠፈበት አለ፣ የተነቀለው ብረት የት እንደገባ ደግሞ የሚያውቅ ያውቃል። እኛ ሰፈር አንድ ሊስትሮ እዚያው ሀዲዱ ዳር ሸራ ወጥሯል። ደንበኛው አንድ እግሩን ለብሩሽ ሰጥቶ ሌላውን ሀዲዱ ላይ ያሳርፋል። ብረቱ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ያበራል።

በህይወት ያለው መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ መስመር ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል። ከሰበታ እስከ አዳማ ደግሞ ሀዲዱ መንታ ስለሆነ ሂያጅና መጪ አይጠባበቁም። ለተመላላሽ ሰራተኛ ከዚህ የተመቸ ነገር ከየት ይመጣል? ጣቢያዎቹን እስክታይ ድረስ ነው እንጂ። የአዲስ አበባው ፉሪ ለቡ ነው፤ ከከተማው ቀላል ባቡር ጋር አይገናኝም። ወዲህ ያሉትም ከከተማ ወጣ ብለው ሜዳ ላይ ናቸው። ባቡር ለመያዝ ባጃጅ፣ ከባቡር ሲወርዱ ታክሲ። ወደብ ለሌላት አገር ኮንቴይነር ይቅደም ቢባል ይገባኛል። ግን ኮንቴይነር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ገብቶ አይፈርምም፣ ቢያረፍድም ደሞዙ አይቆረጥም።

ህዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃር የመኖሪያና የንግድ መንደር ግንባታ መሰረት ድንጋይ ሲጣል ታሪካዊው የጣቢያ ህንፃ ይጠበቃል ተባለ። ደግ ነው፣ ይጠበቅ። ውብ ህንፃ ነው። ግን ስለ ድሮው ባቡር በተወራ ቁጥር ወሬው ህንፃ፣ ሙዚየም፣ ካፌ ላይ ያልቃል። ማታ ቤቱ መግባት ስላቃተው ሰው የሚያነሳ የለም።

ናፋቂዎቹም የሚዘሉት ነገር አለ። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ድሮ የነበረው እንዳለ ይመለስ ማለት የራሱ ባቡር፣ የራሱ ጋራዥ፣ የራሱ መለዋወጫ ማለት ነው። መለዋወጫ ስል የከተማችንን ቀላል ባቡር አስታውሱ፤ በ41 ባቡር ጀምሮ ስንቱ ጋራዥ እንደቆመ። ስለዚህ ሪባን ሲቆረጥ ማጨብጨብ ትቻለሁ።

እኔ ለገሃር ድረስ አድርሱኝም አላልኩም። ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ይደርሳል፣ እዚያ የሚያገናኘኝ ይበቃኛል። ሀዲዱ ቢበሰብስም የተዘረጋበት መሬት አሁንም አለ። በየዓመቱ ግን የሆነ ሰው አጥሩን አንድ እርምጃ ይገፋበታል። ነገ "መስመሩን እንመልስ" ሲባል ለካሳ የሚወጣው ገንዘብ ባቡር ይገዛ ነበር። እና ምንም ባትሰሩ እንኳ መሬቱን ከልሉት። እስከዚያው በአዲሱ መስመር ለሰራተኛ የሚሆን ባቡር አስነሱ፣ ጣቢያው በር ላይም የከተማ አውቶቡስ አቁሙ።

ጠዋት 12 ሰዓት ከአዳማ የሚነሳ አንድ ባቡር፣ ማታ 12 ሰዓት የሚመለስ አንድ። ለስላሳ ወንበር ይቅርብኝ፣ ቆሜም እሄዳለሁ። ሂሳቡን ደግሞ አትጨነቁ፣ እንደ ሚኒባሱ አስከፍሉኝ። እንደ ማታው ሚኒባስ ቢሆንም ይሁን።