«ቤቱ እጁ ላይ ነው» ላሉት አማካሪ

ሰሞኑን ስለ ቤት ሽያጭ በሚወያይ የሬዲዮ ዝግጅት ላይ አንድ አማካሪ «ገዢ ክፍያ ቢያዘገይ ሻጭ ምን ይጎዳል? ቤቱ እጁ ላይ ነው፤ ባንክ ብድሩን እስኪለቅ ትንሽ ይታገሥ» ብለው አረፉት። አዘጋጁም አሜን ብሎ አለፈ።

እጁ ላይ ያለው ቤት ምን ያደርግለታል? ለሌላ ልሽጥ ቢል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት የተቀበለውን ቀብድ እጥፍ አድርጎ መመለስ ሊኖርበት ነው። እንዳያከራየው ባዶውን ሊያስረክብ ፈርሟል። ገዢውስ? በዚያው ቁጥር መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብዱን ጥሎ መውጣት ይችላል። የ8 ሚሊዮን ብር ቤት በ800 ሺህ ብር ቀብድ አስሮ ይቀመጥና ዋጋው ሲወጣ ይከፍላል፣ ሲወርድ ይጠፋል። ይህ ብድር መጠበቅ ሳይሆን በሰው ቤት መቆመር ነው። በሐምሌ 2016 መጨረሻ ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ሰኔ ላይ ዋጋ ተቆርጦ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ገንዘቡ የደረሰው ሻጭ በምን ሒሳብ ነው «ያልተጎዳው»?

ሕጉ እንደ አማካሪው አይታገሥም። የገንዘብ ዕዳ ያዘገየ ሰው በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይከፍላል (ቁጥር 1751 እና 1803)። ከላይ ባለው ምሳሌ ቀሪው 7.2 ሚሊዮን በወር 54 ሺህ ብር ይወልዳል ማለት ነው። ችግሩ ወለዱ የሚቆጠረው በመርሕ ደረጃ ገዢው ማስጠንቀቂያ ከደረሰው ቀን ጀምሮ መሆኑ ነው። በስልክ «ለሰኞ»፣ «ለመስከረም» እየተባለ የከረመ ሻጭ በየወሩ 54 ሺህ ብር በይሉኝታ ይሰጣል። ደላላው ደግሞ «አትቸኩል» ይለዋል፤ ኮሚሽኑ ሽያጩ ካለቀ ብቻ ነዋ!

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን፤ ገዢው ቅጂው ላይ ይፈርም፣ ወይም መድረሱን በሚያረጋግጥ መንገድ ይላክለት። የውሉ ቀን፣ ቀሪው ገንዘብና ተመጣጣኝ ቀነ ገደብ፣ ለምሳሌ 15 ቀን፣ ይግቡበት። ብዙዎች የሚረሱት «ከዚህ ቀን በኋላ ክፍያ አልቀበልም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ነው (ቁጥር 1774)። እሱ ከሌለ ሻጩ በቁጥር 1787 ውሉን በራሱ መሰረዝ ይከብደዋል፤ ፍርድ ቤት ደጅ ሊጠና ነው። ሻጩም በበኩሉ ዝግጁ መሆኑን፣ ማለትም ካርታው፣ የተከፈለው ግብርና ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚለው ማስረጃ እጁ ላይ እንዳለ ይጻፍ። በቁጥር 1757 የራሱን ግዴታ ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን ፈጽም ማለት አይችልም።

«ባንክ አዘገየብኝ»ስ? ውሉ ራሱ ሽያጩን በብድሩ መፈቀድ ላይ ካንጠለጠለው ገዢው እውነት አለው። ይህን ለአማካሪው እሰጣቸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ የገደበው ነሐሴ 2015 ነበር፤ ገደቡ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ብድር እንደሚጓተት ያልሰማ የለም። አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነገር ደግሞ በቁጥር 1792 ከአቅም በላይ ኃይል አይባልም።

ውል ሲጻፍም «ውል አፍራሽ ወገን 50,000 ብር ገደብ ለውል አክባሪ ይከፍላል» የሚለው ከሰው ውል የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ይብቃ። ገደቡ (የውል ቅጣቱ) በዘገየው ቀን ልክ ይቆጠር፤ ለመዘግየት የተቆረጠ ገደብ ከዋናው ክፍያ ጋር አብሮ ይጠየቃልና (ቁጥር 1890)። የመጨረሻው ቀንም ይቆረጥ፤ ቀኑ ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል የሚል ሐረግም ይግባ፤ ቁጥር 1775 ይፈቅዳል። ውሉ ደላላ ቢሮ ተፈርሞ የቀረ ከሆነ ግን ክርክሩ ሌላ ነው፤ የሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰነዶች ማረጋገጫ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ያልተደረገን የቤት ሽያጭ ውል ረቂቅ፣ ማለትም ገና ያልጸና፣ ብሎታል።

ቁልፍና ውክልና ደግሞ ሙሉ ክፍያ ሳይገባ አይሰጥም። ገዢው በውክልናው ተጠቅሞ የቤቱን ስም ካዛወረ ሻጩ «እጁ ላይ» ያለው የገንዘብ ክስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ውክልና የሰጠ ካለ ከማስጠንቀቂያው በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይሻረው።