ጭስ ለማየት የተሰለፉ ሰዎች

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1899 እስከ 1901 ለንደን እየተመላለሰ ሳቮይ ሆቴል ሲያርፍ፣ የፈለገው ከመስኮቱ ሥር የሚፈሰውን የቴምዝን ወንዝ ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚያንዣብበውን ጉምና የከሰል ጭስ ጭምር ነበር። አንድ ማለዳ ሰማዩ ጠርቶ ቢያገኘው ሥራው ሁሉ የከሸፈ መስሎት እንደ ደነገጠ፣ ምድጃዎች ተቀጣጥለው ጭሱ ሲመለስ ግን ነፍሱ መለስ እንዳለች ለባለቤቱ ጽፎላታል። በ1952 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እስኪፈጅና በ1956 ሕግ እስኪወጣበት ድረስ ከተሜው ሲያስልበት የኖረው ጭስ ለእንግዳው መጽናኛ ነበር።

ሞኔ 37 የለንደን ሥዕሎቹን በ1904 ፓሪስ ላይ ካሳየ በኋላ ለንደንም ሊያመጣቸው አስቦ ሳይሳካለት ቀረ። ሐሳቡ የተፈጸመው በ2024፣ ከሆቴሉ 300 ሜትር ያህል በሚርቀው በኮርቶልድ ጋለሪ ነው፤ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን ራሳችንን የምናማ ሰዎች 120 ዓመት ያረፈደችውን ከተማ አይተን ጥቂት ብንኩራራ አይፈረድብንም።

የተመልካቹ ነገር ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። አንዱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማብራሪያ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ሥዕሉን በጨረፍታ ገልመጥ አድርጎ ያልፋል፤ ሌላዋ ለዋተርሉ ድልድይ ሥዕል ጀርባዋን ሰጥታ በስልኳ ራሷን ታነሣለች፤ አገጩን ይዞ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው ደግሞ የሰው እግር ረግጦ ይቅርታ ሲጠይቅ እንኳ፣ አዋቂነቱ እንዳይጠረጠር፣ ዐይኑን ከሥዕሉ አይነቅልም።

እኔ የገባሁት ለልጃቸው ምርቃት ከአዲስ አበባ ከመጡ ዘመዴ ጋር ነበር።

«ይሄን ድልድይ ቅድም አላየነውም እንዴ?»

«አይተነዋል ጋሼ፤ ብርሃኑ ነው የተለወጠው።»

«ታዲያ ሰውየው እስኪጠራ ለምን አልጠበቀም?»

ሞኔ የእንግሊዝን ፓርላማ ከሣለባቸው ሥዕሎች አንዱ በ2022 ኒው ዮርክ ላይ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ስነግራቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ሸራው ተጠጉ። «የእናቴ ማድ ቤት እኮ ይሄ ሁሉ ነበረው፤ ያውም በነጻ» አሉ፣ በቁጭት።

ሕዝቡ እውነተኛ ትዕግሥቱን ያሳየው መውጫው ላይ ባለው መደብር ነው። ለሥዕሉ ሁለት ትንፋሽ የነፈገ ሁሉ እዚያ ድልድዩ የታተመበትን የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ዘርግቶ፣ ገልብጦ፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመረምራል። ጋሼም ለእትዬ አንድ መረጡና ሻጯን አስተርጉመው ጠየቋት፦

«ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል?»