ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር

የቤታችን ማሞቂያ የሞተው ታኅሣሥ ውስጥ ነው። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የቨርጂኒያ ታኅሣሥ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጋቢ ለብሼ፣ በጋቢው ላይ ጃኬት ደርቤ፣ አከራዮቻችን ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ድምጿ ማር ነው።

«ኢት ኢዝ ቢዪንግ ሉክት ኢንቱ» አለችኝ።

አመስግኜ ዘጋሁ። ወደ አማርኛ መመለስ የጀመርኩት ከዘጋሁ በኋላ ነው። «ሉክት» ታየ ነው። «ኢንቱ» ወደ ውስጥ። እንግዲህ ማሞቂያችን ወደ ውስጥ እየታየ ነው። ማን ነው የሚያየው? ተንበርክኬ በፍርግርጉ በኩል እኔም ወደ ውስጥ አየሁ። ብዙ አቧራና የልጄ አንድ እግር ካልሲ አለ። ሲያይ ያገኘሁት ሰው ግን የለም። ለካ ነገሩ እየተጣራ ነው ማለቷ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደግሜ ደወልኩ። «ኢት ሃዝ ቢን ብሮት አፕ» ተባልኩ። «ብሮት አፕ»ን እኔ የማውቀው ከልጅ አስተዳደግ ጋር ነው። «አይ ዋዝ ብሮት አፕ ኢን ደሴ» ማለት ያደግሁት ደሴ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ችግራችን አድጓል ብዬ ተረዳሁ። እውነትም አድጓል፤ ብርዱ መኝታ ቤት ገብቷል። ለካ ልጅቷ ጉዳዩ በስብሰባ ላይ ተነስቷል ማለቷ ኖሯል።

በሳምንቱ ሌላ መጣ፦ «ኢት ዊል ቢ ቴክን ኬር ኦፍ»። ይስተካከላል ነው ነገሩ።

ባለቤቴ ብርድ ልብስ እንደተከናነበች «እና ማን ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ዓረፍተ ነገሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ፈተሽኩት። ሰው የለበትም።

ያኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ትዝ አሉኝ። አድራጊና ተደራጊ ግስን ያስተማሩን አማርኛ እየቀላቀሉ ነው። «አበበ በሶ በላ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ከስሩ «በሶ በአበበ ተበላ»። ከዚያ በእጃቸው «በአበበ»ን ጠረጉት። «በሶ ተበላ። አያችሁ? አበበ ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም» አሉን። እኛ ግን ያየነው አበበ በሶውን ግጥም አድርጎ በልቶ እጁን ሳይታጠብ ከሰሌዳው ሲያመልጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ብርጭቆ የሰበረ ልጅ የለም። ብርጭቆው ተሰበረ። ወጡም አረረ። ስኳሩም አለቀ።

በአማርኛ ሰዋስው ድርጊቱን የፈጸመው «ባለቤት» ይባላል። ተከራይ ሆኜ ሳስበው ስያሜው አንጀቴን ይበላኛል። ባለቤቱ የማይታወቅ ቤት ውስጥ እየኖርኩ፣ ባለቤቱ የጠፋበት ዓረፍተ ነገር በስልክ ይነበብልኛል። (ባለቤቴ፣ ማለትም ሚስቴ፣ አልጠፋችም። ኩሽና ቆማ በምድጃው እየሞቀች ነው።)

እንግሊዝኛ ባለቤቱን ማጥፋቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እኛስ መቼ ሰነፍን? «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መሥሪያ ቤት ያላየ ሐበሻ የለም። የሚገርመኝ መጨረሻ ላይ ጥሎት የሚሄደው ቃል ነው። ኢንቱ። ኦፍ። ዊዝ። አት። እንደ ሚኒባስ ወያላ በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። በእኛ ሰዋስው መስተዋድድ ይባላል። ለጆሮ የሚያዋድድ፣ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ይመስላል። እንግሊዞች ግን ሽማግሌውን ልከው ሁለቱም ወገን ከቤት ይወጣሉ።

በዚህ ጉዳይ ራሳቸውም ሲነታረኩ ኖረዋል። ሮበርት ላውዝ የሚባሉ፣ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆኑ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ መስተዋድድን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ማንጠልጠል ለጨዋታ እንጂ ለቁምነገር ጽሑፍ አያምርም ብለው መከሩ። ከዚያ «ቋንቋችን ወደዚህ ልማድ በጣም ያዘነብላል» ሊሉ ፈለጉና ዓረፍተ ነገሩን በምን ቢዘጉት ጥሩ ነው? «ኢንክላይንድ ቱ»። ቱ! ወያላውን እየገሠጹ ራሳቸው በሩ ላይ ተንጠለጠሉ። እያወቁ ሲቀልዱ ነው እላለሁ። ካልሆነም ያው አንድ ነን።

ደግሞ የተደረገበትን ነገር ከፊት አስቀድሞ መስተዋድዱን ከኋላ ማንጠልጠል እንደፈለጉ የሚያደርጉት አይደለም። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ የጆርጅ ዋሽንግተን ቤት አለ፣ ማውንት ቨርነን። እ.ኤ.አ. በ1799 የሞቱበት አልጋ እዚያ ይታያል። «ዲስ ቤድ ዋዝ ስሌፕት ኢን ባይ ጆርጅ ዋሽንግተን» ብትል ያምራል። «ቨርጂኒያ ዋዝ ስሌፕት ኢን ባይ ጆርጅ ዋሽንግተን» ብትል ግን ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። ሰውየው ቨርጂኒያ ውስጥም ተኝተዋል፤ ግን ቨርጂኒያ በመተኛታቸው ምን ሆነች? ምንም። አልጋው ግን ሆኗል። የተተኛበት ነገር አንድ ነገር ሊደርስበት ይገባል።

ይሄን ሕግ ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ እናቴ አለችኝ። ደሴ ቤታችን ውስጥ የእንግዳ አልጋ ነበር። ነጭ አንሶላ፣ በጠርዙ ጥልፍ፣ ከላይ የተቆለለ ትራስ። እንግዳ በዓመት ሁለቴ ቢመጣ ነው። እናቴ በሩን ከፍታ ገና ሳትገባ «ይሄ አልጋ ተተኝቶበታል!» ትላለች። አንሶላው ላይ አንዲት ሽብሽብ አይታለች። ማን እንደተኛበት ማንም አያውቅም። ድመቷ ትከሰሳለች። «ድመት ትራስ ገልብጣ ትተኛለች እንዴ?» ስትል ሁላችንም ጣሪያ እናያለን።

«ተተኝቶበታል»ን ልብ በሉልኝ። እኛም አለን። ልዩነቱ መስተዋድዱን አናንጠለጥለውም፤ ከግሱ ጅራት ሰፍተን አንድ ነገር እናስይዘዋለን። ታሰበበት፣ ተወራበት፣ ተሳቀበት። ፍርድ ቤት በር ላይ የቆመ ዘመድ የሚጠብቀው አንዲት ፊደል ነው። «ተፈረደለት» ከሆነ እልልታ፣ «ተፈረደበት» ከሆነ ለቅሶ።

ከአንዱ ወደ ሌላው መመለስ ደግሞ ቤት ያፈርሳል። አንድ ጓደኛዬ ከሥራ ተቀነሰ። አለቃው በአክብሮት «ዩ አር ቢዪንግ ሌት ጎ» አለው። እሱም ለእናቱ ደውሎ ቃል በቃል «እማዬ፣ ለቀቁኝ» አላት። «እሰይ! እልልል! ምነው ልጄ፣ ታስረህ ነበር እንዴ? ሳትነግረኝ!» ስለት ልታስገባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ገንዘቡን ላክልኝ ያለችው በማግስቱ ነው።

እኔም ብሆን ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሄጄ ከአጠገቤ ያለው ፈረንጅ ስለ ራሱ ሲናገር «አይ አም ሜሪድ ዊዝ ቱ ቺልድረን» ሲል ደንግጫለሁ። «ዊዝ» ለእኔ «ጋር» ነው። ሁለት ሕፃናት ጋር ተጋብቶ በሰላም የሚሄድ ሰው! ለካ አግብቻለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ ማለቱ ነው። ሚስቱን ሊያነሳ ሲፈልግ «ዊዝ»ን ትቶ «ቱ» ይላል።

አንዳንዴ ግን ይገጥማል። ቀጥራህ ለቀረች ልጅ እንግሊዝኛው «አይ ዋዝ ስቱድ አፕ» ይላል። የእኛ ሰው ደግሞ «ገትራኝ ቀረች» ይላል። ሁለቱም ቆመዋል። የእኛው ግን ማን እንደገተረው አይደብቅም።

ባለቤትን መደበቅ ሁሌ ክፋት አይደለም። ምግብ ቤት በልተህ ሂሳብ ስትጠይቅ አስተናጋጇ «ተከፍሏል» ትልሃለች። ማን ከፈለ? በአገጯ ወደ ጥግ ትጠቁማለች። ጥግ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ጥብሱን ይጎርሳል፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም። «ኢትስ ቢን ቴክን ኬር ኦፍ» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው የሚያምረው።

የፖለቲከኞቹ ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በጥር 1987 ኮንግረስ ፊት ቆመው፣ ለኢራን በድብቅ ጦር መሣሪያ ስለተሸጠበት ጉዳይ «ከባድ ስህተቶች ተሠርተዋል» አሉ። ማን እንደሠራቸው አላሉም። ከእሳቸው 110 ዓመት ግድም ቀደም ብለው ፕሬዚዳንት ግራንት «ስህተቶች ተሠርተዋል» ሲሉ፣ ቢያንስ ሁሉም እንደሚያየውና እሳቸውም እንደሚያምኑ ጨምረው ነበር። በአንድ ምዕተ ዓመት ውስጥ አበበ ከሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ተጠረገ።

ወደ ማሞቂያችን ልመለስ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከሥራ ስገባ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ዩር ሂተር ሃዝ ቢን ሉክት አት»። ሮጬ ገብቼ ፍርግርጉን ዳሰስኩ። በረዶ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለቴ አነበበችው።

«ታይቷል እንጂ ተሠርቷል አይልም እኮ» አለች።

«መጀመሪያ ኢንቱ ነበር፤ አሁን አት ሆኗል» አልኳት።

«ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ ወደ ውስጥ ነበር የሚያዩት። አሁን ከውጭ አይተውት ሄደዋል።»

ከወረቀቱ ስር ሌላ ፖስታ ነበር። የጥር ኪራይ። እሱ ውስጥ አንዲት ተደራጊ ግስ የለችም፣ የተንጠለጠለ መስተዋድድም የለም። «ዩ ኦው አስ» ይላል በደማቁ። አንተ፣ ለእኛ፣ ዕዳ አለብህ። እስከ 5ኛው ቀን። ባለቤቱ በመጨረሻ ተገኘ፤ እኔ ነኝ።