እናንተ ዘር አጣሪዎች

ወገኖቼ፣ ሽማግሌ ደጃችሁ ቆሞ ልጃችሁን ሲጠይቅ መጀመሪያ የምትመረምሩት ምኑን ነው? የልጁን ሥራ፣ ትምህርቱን፣ መጠጥ ማብዛት አለማብዛቱን ትጠይቃላችሁ፤ እሱ ለወጉ ነው። ቁርጡ የሚለየው ሽማግሌዎቹ ከተሸኙ በኋላ፣ «ለመሆኑ እነማን ናቸው?» ተብሎ አጥንት ሲቆጠር ነው። ሸክላ የሠራች አያት ወይም ብረት የቀጠቀጠ ቅድመ አያት ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ልጁ ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ «ባለእጅ ነው» ይባላል። ለሽማግሌዎቹ ግን «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» ብላችሁ ትልካላችሁ። የምታምኑበትን እንኳ ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ የላችሁም።

እንጀራችሁን የምትጋግሩበትን ምጣድ ማን ሠራው? አፈሩን ቆፍራ በጀርባዋ ያመጣች፣ ወቅጣ የነፋች፣ የተፈጨ ገል ቀላቅላ ያቦካች፣ በመዳፏ ዘርግታ በለስላሳ ድንጋይ ያሸች፣ በኩበትና በእንጨት ያቃጠለች ሴት ናት። እሳት ውስጥ የሚሰነጠቀው ሁሉ ኪሳራው የእሷ ነው። እናንተ ገበያ ላይ በጣታችሁ አንኳኩታችሁ፣ ተከራክራችሁ ትወስዱና በጎመን ዘር ታሟሻላችሁ። ምጣዱ ማድ ቤት ይገባል፣ ሠሪዋ ከደጅ ትመለሳለች። ሕፃን ሲታመምም «ዓይኗ በላው» ትሏታላችሁ። ሌሊት ጅብ ትሆናለች የሚለውን ተረት ዲግሪ ይዘው የሚያምኑ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት።

ነውሩ የአንድ አካባቢ ብቻ አይደለም። በካፋ ማንጆ፣ በጉራጌ ፉጋ፣ በጋሞ ማና የሚባለው ወገን ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርብና በጋብቻ እንዳይቀላቀል ሲከለከል ኖሯል። የጎንደር ቤተ እስራኤሎች፣ አይሁድ ወገኖቻችን፣ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በመሆናቸው ቡዳ ተባሉ። ይብስ የሚያሳዝነው፣ እነሱም በመካከላቸው ጨዋና ባሪያ እያሉ ይለያዩ ነበር፤ ልዩነቱም አብሯቸው እስራኤል ገባ። የተናቀ ሁሉ የሚንቀው አያጣም።

አዋጅ ጎድሎን ነው እንዳትሉኝ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። በየካቲት 1967 የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን ከባላባት እጅ አወጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰውን በትውልዱና በማኅበራዊ አመጣጡ መለየትን ከልክሏል። እነዚህ ሁሉ ለሸክላ ሠሪዋ ልጅ የትምህርት ቤቱንና የመሥሪያ ቤቱን በር ከፈቱ። የእናንተን ሳሎን ግን የትኛው አዋጅ ይከፍተዋል? የቀረው መዝጊያ ቁልፉ በእጃችሁ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ አታሳብቡ።

«ተምሮ ከፍ አለ» የምትሉት ወጣት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? የትውልድ አገሩን ሲጠየቅ ዞኑን ተናግሮ ዝም ይላል። መንደሩን ከጠራ ይታወቅበታላ! እናቱን ለምረቃው ሲጠራ ማን ያያት ይሆን ብሎ ይሳቀቃል። ይህን መሳቀቅ ያስተማርነው እኛ ነን። እናትየውም ሙያዋን ለልጇ ማውረስ እርግማን ማውረስ እየመሰላት ትተወዋለች። የሸማኔውም ልጅ እንዲሁ ከመወርወሪያው ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ከቻይና የመጣ፣ ጥለቱ የታተመበት ቀሚስ ገበያውን ሲሞላው «ባህላችን ጠፋ» ብላችሁ ትጮኻላችሁ። ባለሙያውን ያባረረው ማን ሆነና?

«ዘር ከልጓም ይጠቅሳል» የምትሉ አባቶችና እናቶች፣ ልጆቻችሁ እየሰሟችሁ ነው። ከመረጡት ሰው አስለያይታችሁ የሰጣችሁት ምክንያት ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፤ ለአክብሮት ብለው ዝም ብለዋል እንጂ።

ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩም ከደሙ ንጹሕ አይደላችሁም። ጋቢያችሁን ለብሳችሁ፣ በየመንደሩ ዞራችሁ «ንጹሕ ናቸው፣ አይደሉም» የሚል ወሬ ለቅማችሁ የምታመጡት እናንተ ናችሁ። በሚመጣው የሠርግ ወር «እስቲ ዘራቸውን አጣሩልን» ስትባሉ፣ «ስለ ልጁ ጠባይ ጠይቁን፣ ስለ አያቱ ግን አንሄድላችሁም» በሉ። ቅር የሚለው ቤተሰብ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ።